የሁንዴሳ አንገት

ሁንዴሳ ራሱን ነቀነቀ ቢባል በእርግጠኝነት የሚታወቀው ነገር የሁንዴሳ ራስ መንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል፤ አዝኗል። የጎረቤት ልጅ ፈተና ማለፉን ሲሰማ ይነቀንቃል፤ ገርሞታል። ከብቶቹን ጓያ ማሳው ላይ የለቀቀበትን ሰው ከሩቅ እያየ ይነቀንቃል፤ «ቆይ፣ አገኝሃለሁ» እያለ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥመው ባርኔጣውን በሁለት ጣቱ ይዞ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ ሰላምታ ነው።

ከሁሉ አብልጦ ግን ሁንዴሳ የሚነቀንቀው ሰው ሲናገር ነው። የመካኒሳ የድሮ ገበሬዎች ለሽምግልና ሲቀመጡ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አንገቱን ቀስ እያለ ዝቅ ቀና ያደርጋል። ይህም «ሰምቼሃለሁ፣ ቀጥል» ማለት ነው እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። መስማማት የፈለገ ሰው አፍ አለው። አንገቱን ገትሮ የሚሰማ ሰው ግን ተናጋሪውን ከውሻ ጩኸት አልለየውም፤ በዚህ የተነሳ ወንድም ከወንድም የተቆራረጠበት ጊዜ አለ። ሁንዴሳ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ሽምግልና እየተቀመጠ ያደገ ስለሆነ አንገቱ የጨዋ አንገት ነበር።

አብዮቱ መጣና ይህን የጨዋ አንገት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጌቱ፣ በፊት ጎፋ ውስጥ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ አሁን ሕዝብ የሚሰፋ ሰው ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲናገር ሁንዴሳ እንደ አባቱ ልማድ ዝቅ ቀና ይላል። ጌቱ ይህን ሲያይ ድምፁ ይሞቃል። «ይኸው! ሰፊው ሕዝብ ገብቶታል!» ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ሰፊ ሕዝብ በበኩሉ ንግግሩን መስማት ከተወ ቆይቷል፤ የሚያየው የሁንዴሳን ማጅራት ነው። ማጅራቱ ዝቅ ካለ እጅ ይወጣል፤ ካላለ ሰው እንቅልፉን ይቀጥላል። ለሞዛምቢክ ሕዝብ የአጋርነት መልእክት የተላከው በዚህ ማጅራት ነው። የእሑዱ የጽዳት ዘመቻ ቅዳሴ ሰዓት ላይ እንዲሆን የተወሰነውም በዚሁ ማጅራት ነው። የሚገርመው፣ ውሳኔውን መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ሁንዴሳ ነበር።

«ዛሬስ ምን ወሰናችሁ?» ትለዋለች ሚስቱ አማከለች።

«እኔ ምን አውቄ? ሰማሁ እንጂ አልወሰንኩም።»

እንዲህ ባለው ሰላም ላይ ጓድ ወጋየሁ መጣ።

ጓድ ወጋየሁ ለፖለቲካ ትምህርት ቡልጋሪያ ተልኮ ሁለት ዓመት የኖረ ካድሬ ነው። ሲመለስ አንድ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንድ የተገለበጠ ራስ ይዞ መጣ። እዚያ አገር «አዎ» የሚል ሰው ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፤ «አይሆንም» የሚል ደግሞ ዝቅ ቀና ያደርጋል። ወጋየሁ ዋና ከተማቸው ሶፊያ እንደደረሰ ሰሞን በዚህ የተነሳ ብዙ ምሳ አምልጦታል ይባላል። ስለዚህ ለመደው፤ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረም በደንብ ለመደው። አገሩ ሲገባ ግን «ራስህን መልሰው» ያለው የለም። ይህ ብቻ ቢሆን ሰው ይለምድለት ነበር። ወጋየሁ ግን ረጋ ሲል አገሩ መሆኑ ትዝ ይለውና እንደ አገሩ ሰው ይነቀንቃል፤ ሲቸኩልና ሲናደድ ሶፊያ ይገባል። ሁንዴሳ ይህን የሰማው ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ መካኒሳ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተቸገረችው የቀበሌው ሻይ ቤት ማሚቴ ነበረች።

«ጓድ፣ ሻይ ላምጣልዎት?»

ወጋየሁ ከሚያነበው ቀና ሳይል ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ማሚቴ ተመለሰች። እሱም ጠበቀ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሳምንት ሳይሞላ ወጋየሁ ሻይ እንኳ የማይቀምስ ታጋይ መሆኑ ከመካኒሳ እስከ ብስራተ ገብርኤል ተወራ። ወጋየሁ ደግሞ በልቡ፣ የሻይ ቤቷ ሴት ፀረ አብዮት ሳትሆን አትቀርም ብሎ ያዘባት።

ከዚያ ጌቱ የጽሕፈት ቤቱን በር ቀይ ልቀባው ወይ ብሎ ጠየቀ። ወጋየሁ እየተጣደፈ ዝቅ ቀና አደረገ፤ ጌቱ ቀባው።

«ማነው ቀባው ያለህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጓድ።»

«እኔ?»

ጌቱ በዚያ ሳምንት ስለ በሩ ግለ ሂስ አደረገ። ሕዝቡ ተሰብስቦ መከረ፤ አንዱ «እየፈተነን ነው» አለ፤ ሌላው «ውጭ አገር የተማረ ሰው ነገሩ ጥልቅ ነው» አለ። የሰውየው ራስ ሊሳሳት ይችላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሹመት ያለው ራስ መቼ ይሳሳታል?

ግንቦት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች አቅርቡ የሚል ትእዛዝ መጣ። የሚሄዱትን ሕዝቡ ራሱ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ እሑድ ጠዋት፣ መቅረት በማይፈቀድበት ስብሰባ ላይ እንደሚመርጥ ተነገረ። የመጀመሪያው ስም የሁንዴሳ ልጅ የበንቲ መሆኑም አብሮ ተሰማ።

በንቲ የሁንዴሳ አንድ ልጅ ነው። ሁንዴሳ ከግንብ ሥራ ላይ ወድቆ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ እርፍ መጨበጥ አይችልም። በሬውም አንድ ነው። ጎረቤቱ ሮበሌም እንዲሁ አንድ በሬ አለው፤ ሁለቱ ሰዎች በመቀናጆ ያርሳሉ፤ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ይጠምዱና አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያዞራሉ። እርፉን የሚይዙት በንቲና የሮበሌ ታላቅ ልጅ ፈየራ ናቸው፤ አንዱ ሲያርስ ሌላው ከኋላ አረሙን እየለቀመ ይጎለጉላል። በሬዎቹ ከመልመዳቸው የተነሳ አንዱ ከሌለ ሌላው ውኃ ለመጠጣት እንኳ ወንዝ አይወርድም።

«ስማ፣ አባ በንቲ» አለች አማከለች ቅዳሜ ማታ። «ነገ የልጄ ስም ሲጠራ ያ አንገትህ ንቅንቅ ቢል፣ ጎፋ ወንድሞቼ ቤት ነው የምገባው።»

«እኔ እኮ የምነቀንቀው ስሰማ ነው። ጨዋነት ነው።»

«በጨዋነትህ ልጄን ጦር ሜዳ ልትልክልኝ ነው? አፍህ ውስጥ ምላስ የለም? ‹አንድ ልጅ ነው፣ እሱ ከሄደ የሚያርስልኝ የለም› በላ! ይቺን ለማለት አንተም ቡልጋሪያ ሄደህ መማር አለብህ?»

ሁንዴሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸው! ይኸው ደግሞ! አሁን ይኼ ምን ማለትህ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው።»

አማከለች በንግግር እንደማይሆን ገባት። በማግስቱ ጠዋት ወፍራም ፎጣ አጥፋ ከአገጩ እስከ ትከሻው ጠቀለለችው፤ ጫፉንም ማጅራቱ ላይ የበሬ ጠፍር እንደሚታሰር አድርጋ አሰረችው። «ማንም ቢጠይቅህ ብርድ መትቶኝ ነው በል። ቤት እስክትገባ እንዳትፈታው።»

ሁንዴሳ «እሺ» ሊል ራሱን ሊነቀንቅ ሞከረ፤ አልቻለም። አማከለች ደስ አላት።

መንገድ ላይ ሮበሌ አገኘውና ሳቀበት።

«ሁንዴ! ምን ሆነህ ነው? ሙሽራ መሰልክ እኮ።»

«ብርድ ነው።»

«በግንቦት? ወይ አማከለች!» ሮበሌ ወዲያው ገባውና ሳቁን ተወ። «ስማኝ። የኔ ልጅ ስም በዚህ ዙር የለም አሉ። ላንተ ልጅ ግን እጄን አላወጣም። ቢቆርጡት አላወጣም። ገባህ?»

ሁንዴሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሊያመሰግን ፈለገ፤ ፎጣው ከለከለው። «ገባኝ» አለ በአፉ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ኋላ፣ ጌቱና ወጋየሁ ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጡ ጥቁር መነጽር ያደረጉ እንግዳ አሉ። ጌቱ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ጀመረ። እንደ ልማዱም ፊተኛው አግዳሚ ላይ የሚያውቀውን አንገት በዓይኑ ፈለገ። አንገቱ አለ፤ ግን እንደ ግንድ ተገትሯል። ጌቱ ያልገባው ሰው ስላለ መስሎት ደገመው። አንገቱ አሁንም ዝም አለ። ጌቱ ላብ አጠመቀው፤ ኢምፔሪያሊዝምን ፊውዳሊዝም ነው አለው፣ አረመ፣ መልሶ ተሳሳተ።

ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ።

«ሞቷል እንዴ ሰውየው?»

«ኧረ ይተነፍሳል።»

«ታዲያ እጅ እናውጣ ወይስ አናውጣ?»

«እኔ ምኑን አውቄ? ዝም በልና ጠብቅ።»

ጌቱ ንግግሩን አሳጥሮ ወደ ጉዳዩ ገባ። «በንቲ ሁንዴሳ!» ብሎ ጠራ። «የምትደግፉ?»

አንድም እጅ አልወጣም። ቀበሌው ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባትየው... አባትየው እዚህ አሉ» አለ ጌቱ፣ የሚይዘው ቢያጣ። «ጓድ ሁንዴሳ፣ እስቲ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሁንዴሳ ተነሳ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተናግሮ አያውቅም። አንገቱ ግን፣ ለአማከለች ምስጋና ይግባትና፣ የወታደር አንገት መሰለ።

«አንድ ልጅ ነው» አለ። «እኔ ትከሻዬ ተሰብሯል። እሱ ከሄደ የሚያርስልኝ የለም። መሬቱ ጦም ያድራል። ይኼው ነው።»

ተቀመጠ። ጌቱ ወደ ወጋየሁ ዞረ። «ጓድ፣ ልጁ ይቅርላቸው?»

ወጋየሁ በግኖ ነበር። እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? አንዱ ከቀረ ሁሉም «ልጄ፣ ልጄ» ሊል አይደል? አይሆንም! ከነጭራሹ አይሆንም! ራሱን በኃይል፣ አገጩ ደረቱን እስኪመታ፣ ዝቅ ቀና፣ ዝቅ ቀና አደረገው።

«ይቅር ተብሏል!» አለ ጌቱ፤ እፎይ ብሎ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሮበሌ ከኋላ ቆሞ ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጭብ ነበር። ወጋየሁ ደነገጠ። ምን እንደሠራ ገባውና ፈጥኖ፣ አሁን እንደ አገሩ ሰው፣ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ይህን ጊዜ ጭብጨባው በረታ።

«አየህ፣ ሆዱ ሲባባ! እሱስ የእናት ልጅ አይደል?»

«አንጀቱን በሉት፤ ራሱን እንዴት እንደሚወዘውዝ ተመልከት!»

አንዲት ሴት እልል አለች። እንግዳው ወደ ወጋየሁ ጆሮ ጠጋ ብለው «በጣም ጥሩ፣ ጓድ። ፓርቲው የሕዝቡን ችግር እንደሚያዳምጥ በተግባር አሳየህ» አሉት።

ወጋየሁ አፉን ከፈተ። ምን ይበል? ራሴ ከዳኝ ይበል? ባለፈው እሑድ ስለ ብረት ዲሲፕሊን ለሦስት ሰዓት ያህል ያስተማረ ሰው፣ የገዛ ራሱን መቆጣጠር አቃተኝ ይበል? አፉን ዘጋ። ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ተከለና አገጩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ራስ ወደየትም አልሄደም።

የሁንዴሳ ላብ ከግንባሩ እስከ እግሩ ወረደ። ልጁ ቀረ! በአፉ ተናግሮ፣ በገዛ ምላሱ፣ ልጁን አስቀረ። አጠገቡ ያሉት ትከሻውን መቱት፤ ጤነኛውንም የተሰበረውንም። ፎጣው አፈነው። እጁን ወደ ማጅራቱ ልኮ ቋጠሮውን ፈታ፤ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ነፋስ አንገቱን ሲነካው እንዴት ደስ አለው!

«ቁጥሩ ግን መሙላት አለበት» አለ ጌቱ። ድምፁ ተመልሷል። «ጓዶች፣ በበንቲ ቦታ የሚተካ መኖር አለበት። ሌላ ወንድም ያለው፣ እሱ ቢሄድ አባቱ ሜዳ ላይ የማይወድቅ፣ ጉልበቱ የጠና ወጣት ያስፈልጋል...»

ሁንዴሳ ይሰማ ነበር። ደስታው ጭንቅላቱ ውስጥ እያፏጨ፣ ቃላቱ አንድ በአንድ በጆሮው ይገቡ ነበር፤ ከእነሱም ጋር አንገቱ፣ ከአባቱ ጎን በተቀመጠባቸው የሽምግልና ዛፎች ሥር እንደለመደው፣ ቀስ እያለ ዝቅ ይል ጀመር።

«...ስለዚህ ፈየራ ሮበሌ! የምትደግፉ?»

የሁንዴሳ ራስ ዝቅ፣ ቀና።

ከኋላው ያለው ሕዝብ ይህን ማጅራት ጠዋት ሙሉ ሲጠብቀው ነበር። እጅ እንደ ደን በቀለ። ሁንዴሳ የሰማውን ስም የተረዳው ራሱ መልሶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ደንግጦ ግራና ቀኝ ወዘወዘው።

«እሳቸውም አዘኑለት» አለች አንዷ፣ እጇን እንዳወጣች።

«በሙሉ ድምፅ!» አለ ጌቱ።

«እኔም አንድ ቃል...» አለ ሮበሌ ከኋላ። «በሬዎቹ እኮ አንድ ላይ ናቸው። ሁለቱ ልጆች እኮ...»

«ጓድ፣ ድምፅ ተሰጥቷል። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ አስተያየት የለም።»

ሁንዴሳ ዞሮ አየ። ሮበሌ ሁለት እጆቹን እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ለበንቲ ያጨበጨበባቸው እጆች ናቸው፤ አንዱንም አላወጣም ነበር።

አማከለች በሩ ላይ ጠበቀችው። ልጇ መቅረቱን ከመንገደኛ ሰምታ ፊቷ በርቷል። ከዚያ ሁንዴሳ የፈየራን ነገር ነገራት። ክንዱ ላይ የተንጠለጠለውን ፎጣ ነው ያየችው።

«ማን ፍታው አለህ?» አለችው።

ፈየራን ማክሰኞ ጭነው ወሰዱት። ረቡዕ ጠዋት የእርሻው ተራ የሁንዴሳ ነበር። በንቲ ቀንበሩን ተሸክሞ ሲወጣ ሮበሌ፣ ሁለቱ በሬዎች አብረው በሚያድሩበት በሁንዴሳ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሁንዴሳ ባርኔጣውን በሁለት ጣቱ ይዞ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሮበሌ እንዳላየ በአጠገቡ አለፈና የራሱን በሬ ፈታ። በሬው ጓደኛውን እያየ አልሄድም አለ፤ ሮበሌ በጥፊ መታው፤ በሕይወቱ መትቶት አያውቅም ነበር። ከዚያ ይዞት ወጣ። የቀረው በሬ በረቱ በር ላይ ቆሞ እስኪርቁ ድረስ ጮኸ።

በንቲ ቀንበሩን አወረደው። መሬቱን እንዲያርስ ተብሎ ከጦር ሜዳ የቀረ ልጅ ነው፤ ማሳው እዚያ ማዶ አለ፤ በሬው አንድ ነው።

«አባዬ፣ በምን ልረስ?»

ሁንዴሳ ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ ሮበሌ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ ተጣራ፤ ሮበሌ ወጣና ደፉ ላይ ቆመ።

«ተናገር» አለው። «እየሰማሁህ ነው።»

ሁንዴሳ ተናገረ። ስለ ፎጣው ነገረው፤ ስለ ላቡ፣ ስለ ደስታው። እኔ የምነቀንቀው ስሰማ ነው እንጂ ስወስን አይደለም አለው፤ አንተ ታውቃለህ፣ ያባቶቻችን ልማድ ነው አለው። ፈየራንም እንደ በንቲ ነው የማየው አለው። በሬውንስ ለምን ትወስዳለህ፣ ያንተም ማሳ ጦም ማደሩ አይደለም ወይ አለው። ከዚያ ስለ በሬው መናገሩ አሳፈረውና አቆመ፤ ደግሞ እንደገና ከፎጣው ጀመረ።

ሮበሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኑን ሳያነሳ አየው። ከአፉ የወጣውን ሁሉ ሰማ። አንገቱ ግን፣ ሁንዴሳ እስኪደክመውና ቃል እስኪያልቅበት ድረስ፣ አንዴም ንቅንቅ አላለም።